ይቅርታና መታወቂያ

ውድ ልጆቼ፣

ቢሮዬ ለልምምድ የመጣች የሕግ ተመራቂ በቀደም ፋይል ስታደራጅ ቆይታ ድንገት ቀና ብላ፣ "ጋሼ፣ በጦርነት ጊዜ ጠላት የነበረ ሰው ዜግነት ይሰጠው ቢባል ይስማማሉ?" አለችኝ። "ይቅርታ ከጠየቀ ምን ችግር አለው" አልኳት። ሻይዬን ሳልጨርስ መልሴ አስጠላኝ። ከአርባ ዓመት በላይ ጥብቅና የቆመ ሰው ሁለት ጉዳይ በአንድ መዝገብ ከፈተ ማለት ነው። ይህን የምጽፈው ያንን መልስ ለማረም ነው፤ ለእሷም፣ በእሷ ዕድሜ ላላችሁም።

ይቅርታ የተበዳዩ ነው። የአንቺን ወንድም የገደለውን ሰው እኔ ይቅር ልልልሽ አልችልም፤ ብልም በሰው ገንዘብ መመጽወት ይሆንብኛል። መንግሥት እንኳ እጁ ሁሉም ጋ አይደርስም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ላይ የሰው ዘር ማጥፋትን፣ ያለፍርድ መግደልን፣ ሰውን አስገድዶ መሰወርንና ኢሰብአዊ ድብደባን በይርጋ አይታገድም፣ በምሕረትም በይቅርታም አይታለፍም ብሎ ዘግቶታል፤ የሞት ፍርድን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ከመለወጥ በቀር። ዜግነት ግን ሌላ ነገር ነው። አዋጅ ቁጥር 378/1996ን አንብቡት። ለአካለ መጠን መድረስ፣ ቢያንስ አራት ዓመት እዚህ መኖር፣ ከአገሪቱ ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት፣ በቂና ሕጋዊ ገቢ፣ መልካም ጠባይ፣ የወንጀል ሪከርድ አለመኖር፣ የቀድሞ ዜግነትን መልቀቅ፣ ቃለ መሐላ። "በጦርነቱ ጊዜ ከማን ጋር ነበርክ?" የሚል መስፈርት የለበትም። እጁ ላይ ደም ያለበት ሰው ካለ ፍርድ ቤት አለ፤ የኢሚግሬሽን መስኮት የንስሐ ቦታ አይደለም።

አራት ኪሎ ስታልፉ የሚያዝያ 27ን ሐውልት ታዩታላችሁ፤ ወይም ሚኒባስ እየጠበቃችሁ ጀርባችሁን ትሰጡታላችሁ። በ1933 በዚያች ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገብተው ለሕዝቡ ሲናገሩ፣ ክፉን በክፉ አትመልሱ፣ ጠላት እንዳደረገባችሁ አታድርጉ አሉ። ልብ በሉ፤ ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ የካቲት 12 ቀን 1929፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ ከተማው ሦስት ቀን ሙሉ ሲታረድ ሰንብቷል። መንግሥታችን በኋላ ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው። እንግሊዞች ጣሊያኖቹን ጠራርገው ማስወጣት ፈልገው ነበር፤ ጃንሆይ ባለሙያዎቹን ማስቀረት መረጡ። ርኅራኄም ነበረበት፤ መካኒክና ግንበኛ ማጣትም አልፈለጉም። እኛም ፒያሳን ፒያሳ፣ ካዛንቺስን ካዛንቺስ እንዳልን ቀረን።

አባቴ በዚያ የካቲት ታላቅ ወንድሙን አጥቷል። በልጅነቴ ከቤታችን ዝቅ ብሎ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ጋራዥ ነበረው፤ ወንዱንም ሴቱንም "አንቺ" የሚል፣ እጁ ከግሪስ የማይጠራ ሰው። እኛ ልጆቹ ለጋሪያችን አሮጌ ኩሽኔታ ይሰጠናል ብለን በሩ ላይ ስናንዣብብ እንውል ነበር። አባቴ ግን እዚያ በር ሲደርስ ወደ ማዶ ይሻገራል። እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን ሰላም ብሎት አያውቅም። አንድ ጊዜ ጎረቤቶች "ጣሊያኑ ከሠፈራችን ይነሣልን" የሚል አቤቱታ ይዘው ለማስፈረም መጡ፤ መጀመሪያ የመጡትም ወደ እሱ ነበር፣ እንደሚፈርም እርግጠኛ ስለነበሩ። አልፈርምም አለ። "ወንድሜን የገደለው እሱ መሆኑን አላየሁም። ሰላም የማልለው ደግሞ የራሴ ጉዳይ ነው፤ ወረቀት ላይ አይገባም" አላቸው። ሕግ ትምህርት ቤት ዓመታት የፈጀሁበት ነገር ሲጨመቅ ከዚህ ብዙ አይበልጥም።

ያን ዘመን ግን አታስውቡት። ግራዚያኒ አገሩ ላይ ፍርድ ቤት የቀረበው ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው፤ በ1942 ዓ.ም. የ19 ዓመት እስራት ተፈርዶበት በወራት ውስጥ ወጣ። ለየካቲት 12 የጠየቀው ዳኛ የለም። በ1939 የተፈረመው የፓሪስ የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ወስኖ ነበር፤ በስተመጨረሻ የተከፈለው ከዚያ ያነሰ ሲሆን ቆቃ ግድብ ተሠራበት። እዚሁ ቤታችን ውስጥም፣ ለጠላት ካደሩት መኳንንት አንዳንዶቹ ሹመታቸው ሲመለስላቸው አርበኛው በላይ ዘለቀ በ1937 በስቅላት ተቀጣ። ይቅርታ ከቤተ መንግሥት ሲታደል እንዲህ ነው፤ የሚጠቅም ሰው ቀድሞ ይደርሰዋል። አርበኞቹ ያጉረመረሙት ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። እስካሁን ዙሪያውን የዞርኩት ይህን ላለመጻፍ ሳይሆን አይቀርም።

ሚያዝያ 1985 የኤርትራ ሪፈረንደም ሲካሄድ አዲስ አበባም ድምፅ ተሰጥቷል። ዶሮ ማነቂያ ሠፈር ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ሰጠ፤ በመንግሥት ፈቃድ፣ በጠራራ ፀሐይ። ማታ ቤቱ ጠርቶን ቡና ጠጣን። አምስት ዓመት ቆይቶ በባድመ ሰበብ ጦርነት ሲነሣ ያ ድምፅ የባዕድነት ማስረጃ ሆነ። ሰኔ 1990 ማባረሩ ተጀመረ። በዚያው ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በሬዲዮ፣ መንግሥት የውጭ ዜጋን የዓይኑ ቀለም ካላማረው እንኳ ውጣልኝ ሊል ይችላል የሚል ንግግር አደረጉ። ከኢትዮጵያ የተባረሩት ወደ 75,000 ይገመታሉ። ከኤርትራም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ተባርረውና ተገፍተው ገብተዋል፤ የእነሱን ታሪክ ከዚህኛው አትነጥሉት።

ጎረቤቴ ብቻውን ነበር የሚኖረው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ፤ እኔም ወጣሁ። ፒጃማው ላይ ኮት ደርቧል። ሁለት ፖሊሶች መሀል ቆሞ ቁልፉን ዘረጋልኝና፣ "ሁለት ጊዜ ነው የሚዞረው። ስትዘጋው ወደ ራስህ ሳብ አድርገው" አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም።

በሳምንቱ የሠፈር ስብሰባ ተጠራን። ከተባረሩት ጋር ቅርበት ያለው ራሱ ይናገር ተባለ። አንድ ሰው ወደ እኔ ዞሮ፣ "ጠበቃው፣ አንተ አታውቀውም እንዴ?" አለ። "ሰላምታ ብቻ ነው" አልኩ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ጴጥሮስን ዶሮ ቀሰቀሰው፤ በኛ ሠፈር ዶሮው ቀድሞ ታንቋል።

እስቲ አስቡት። ከእኔና ከሱ ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ማን ነው? "ጠላት" የተባለው እሱ ነው። የሠራው ጥፋት ቢፈለግ ቢፈለግ እቁብ ደርሶት አለመጋበዙ ነው። አስመራ ሲደርስ ደግሞ እሱንና መሰሎቹን "አምቼ" አሏቸው፤ አዲስ አበባ ከጣሊያን በመጣ ዕቃ ካሚዮን በሚገጣጥመው ፋብሪካ ስም። ዕቃው ከሌላ አገር፣ ግጥሙ አዲስ አበባ። ቀልድም ነው ስድብም ነው፤ እኔ ግን ስለ ዜግነት ከዚህ የቀረበ ትርጉም በየትኛውም አዋጅ ላይ አላነበብኩም።

ሕጉ በኋላ ተንደርድሮ መጣ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ላይ ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን አይገፈፍም ይላል፤ በ1990 ይህ አንቀጽ ነበረ፣ ያኔም አንብቤው ነበር። ሄግ የተቀመጠው የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሣ ይገባኛል ኮሚሽን በ1997 ውሳኔው፣ ሪፈረንደሙ ላይ የተሳተፉት ሰዎች የሁለቱም አገር ዜግነት እንደነበራቸው ቆጥሮ፣ አገር ውስጥ ከቀሩት ላይ በጅምላ ኢትዮጵያዊነትን መግፈፉ ከዓለም አቀፍ ሕግ ውጭ ነው አለ። ከተባረሩት ግን በጸጥታ ማጣሪያ ተለይተው የወጡትን መግፈፍ ሕጋዊ ነው አለ። በዚህኛው እኔ አልስማማም፤ ማጣሪያው እንዴት ይሠራ እንደነበር በአንድ ስብሰባ ወንበር ላይ ተቀምጬ አይቻለሁ። ጥር 1996 የወጣው መመሪያም እዚሁ ለቀሩት በሩን ከፈተ፤ የኤርትራን ዜግነት ካልወሰዱ ኢትዮጵያዊነታቸውን እንደመረጡ ይቆጠራሉ አለ። በግድ የወጣ ሰው ግን "ያለማቋረጥ ኖሯል" አይባልም። ለትውልደ ኢትዮጵያዊ የውጭ ዜጋ ቢጫ ካርድ የሚሰጠው አዋጅ ቁጥር 270/1994ም ኢትዮጵያዊነቱን ትቶ የኤርትራን ዜግነት የያዘን ሰው ከትርጓሜው አውጥቶታል። አሜሪካዊ ሆኖ የመጣው ያገኘዋል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። በ2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሰሞን እዚሁ ከተማ ውስጥ ሰዎች በስማቸውና በአነጋገራቸው ሲያዙ የሁሉም መታወቂያ የኛው ነበር፤ ዜግነት ሰውን ከ"ጠላት" ስም እንደማያድን ያኔ ዳግመኛ አየሁ። ሚያዝያ 2016 የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ጸድቋል። ክስም፣ እውነት ማውጣትም፣ ምሕረትም፣ ማካካሻም ውስጡ አለ። ሥራ ላይ ሲውል ከመካከላችሁ ጠበቃ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኖ የሚቀመጥ ይኖራል። ተበዳይዋ ሳትጠራ ስለ እሷ ይቅር ብለናል የሚል ሰው ስታዩ እጃችሁን አውጡ። ሥራችሁን ሊያሳጣችሁ ይችላል፤ አልዋሻችሁም።

ሐምሌ 2010 የአስመራ በረራ ተከፈተ። ጎረቤቴ በተከታዩ ዓመት መጥቶ የእህቱ ልጅ ዘንድ አረፈ። ፒያሳ ተገናኘን። ሃያ ዓመት ሙሉ የተለማመድኩትን ይቅርታ፣ ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተናገርኩ። እሱ ማንኪያውን ያዞራል፣ ያዞራል። ስጨርስ፣ "ስብሰባው ላይ ያልከውን በዚያው ወር ሰምቻለሁ" አለኝ። ከዚያ፣ "ይቅርታውን አስብበታለሁ። አንተ ጠበቃ አይደለህ? መጀመሪያ መታወቂያዬን አስወጣልኝ።"

እስካሁን አስቦ የጨረሰ አይመስለኝም። ጠይቄውም አላውቅም፤ ቀነ ቀጠሮ የሚያዝለት ነገር አይደለም። መታወቂያውን ግን ተያያዝነው። ዜግነቱን መጀመሪያውኑ አላጣም ብዬ ጻፍኩለት። ፋይሉ ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ ሁለቴም እንደ አዲስ ከፈትነው። በመሀሉ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ፈረሰ፣ የሱም ቤት የኔም አብሮ። ባለፈው ዓመት፣ ከ1990 በፊት እዚያ ይኖር እንደነበር የሚመሰክር የሠፈር ሰው ይምጣ ተባለ። የሠፈሩ ሰው ከተማው ዳር ዳር ተበትኗል። የተገኘሁት እኔ ነኝ፤ ጠበቃም ምስክርም መሆን ስለማይቻል ውክልናውን ለሌላ ባልደረባ አስተላልፌ ቀረብኩ።

ፎርሙን የምትሞላው ልጅ የእናንተ እኩያ ናት።

"ከምን ያውቋቸዋል?"

"ጎረቤቴ ነው" አልኳት። "በአንድ ግድግዳ። የቤቱ ቁልፍ እኔ ጋ ነው።"

ቀና ሳትል፣ "የቤት ቁጥር?" አለችኝ። ነገርኳት፤ ጻፈችው።