የ124 ስፓይደር ዳሽቦርድ ራሴ ልፍታው ወይ ላልከው ልጅ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን ያየሁት ማታ ነው ግን በስልክ ረጅም ነገር መጻፍ ስለሚሰለቸኝ ለዛሬ አሳደርኩት። የፊያት 124 ስፓይደሬ (የድሮዋ ክፍት የጣሊያን መኪና) ዳሽቦርድ እንደ በጋ ዋልካ መሬት ተሰነጣጥቋል፣ ራሴ ፈትቼ ልቀይረው ወይስ ጋራዥ ልስጠው፣ ስንት ቀንስ ይፈጃል ነው ያልከው አይደል። እኔ እዚህ ሱሉልታ ግቢዬ ውስጥ ቆርቆሮ ስር ሁለት ጊዜ ፈትቼዋለሁ። ሁለተኛውን ለምን እንደፈታሁት ከታች እነግርሃለሁ፣ ትስቅብኛለህ።

ባጭሩ ራስህ ፍታው። ብሎኑ ምንም አያስቸግርም፣ ካቻቢቴ፣ 8፣ 10 እና 13 ቁልፍ ካለህ አብዛኛው ይሄዳል። የሚያስቸግረው ከኋላው ያለው ሽቦ ነው። የኔን መኪና ከኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ሬድዮ ሊያስገጥም ለአንድ ኤሌትሪሻን ሰጥቷት፣ ልጁ ሶኬቱን መንቀል ሰልችቶት ነው መሰለኝ በፒንሳ እየቆረጠ በናስትሮ ጠቅልሎ ትቶታል፣ ስከፍተው የጅብ እራት ነው የሚመስለው፣ የትኛው ሽቦ የት እንደሚሄድ ለማወቅ ብቻ ሶስት እሁድ ፈጅቶብኛል። ስለዚህ ለማንም ብትሰጥ እንኳን አጠገቡ ቁም፣ አንድ ሽቦ እንዳይቆረጥ።

መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ አውጣ። ከዛ ምንም ሳትነካ ፎቶ አንሳ፣ ከዛ እያንዳንዱን ሶኬት ስትነቅል ነጭ ፕላስተር ጠቅልለህ በእስክሪብቶ ጻፍበት፣ "አስታውሰዋለሁ" የሚባል ነገር የለም አታስታውሰውም። መሪውን ስታወጣ ዘንጉና መሪው ላይ በነጭ ቀለም አንድ መስመር አስምር፣ ዳዶውን ደግሞ ሙሉ በሙሉ አታውጣው፣ ሁለት ሶስት ጥርስ ላይ ተወውና መሪውን ግራ ቀኝ እያወዛወዝክ ሳብ፣ ዳዶውን አውጥተህ ከጎተትክ ድንገት ሲለቅ ጥርስህን ነው የሚያገኘው (ጎረቤቴን ጠይቀው)። የመሪውን ዘንግ ወደ ላይ የያዙትን ብሎኖች ብታላላ ዘንጉ ዝቅ ይልና ዳሽቦርዱ መውጫ ያገኛል። መሀል ያለው ኮንሶልና ሬድዮ ይወጣል፣ የሂተሩ ማንሻ ኬብሎች ይፈታሉ፣ የፍጥነት ጌጁ ኬብል ከኋላ በእጅ የሚዞር ዳዶ ነው ያለው፣ እጅህ ወፍራም ከሆነ ልጅህን ጥራ። ከዛ በኋላ ዳሽቦርዱ አልወጣም ካለህ አትጎትተው! ያልፈታኸው አንድ ብሎን አለ፣ በስልክ መብራትና በትንሽ መስታወት ፈልገው።

አንድ ነገር ማንም የማይነግርህ፣ ጠዋት አትጀምር። እኛ ጋ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ አንተ ያለህበት ሰንዳፋም ብርዱ ከዚህ አያንስም፣ ጠዋት ቪኒሉ እንደ ቂጣ ነው የሚሰበረው። ሲጀመር የተሰነጠቀውም በዚሁ ከፍታ ፀሐይ ነው፣ ውስጡ ያለው ማለስለሻ ኬሚካል በሙቀት ይተንና ቪኒሉ ይደርቃል፣ ይሸበሸባል፣ ስፖንጁ ደግሞ ዱቄት ይሆናል። ስድስት ሰዓት ገደማ መኪናዋ ፀሐይ ላይ ቆማ ሞቅ ስትል ፍታው፣ ጠርዙ ይታጠፍልሃል።

አሁን መቀየሩ ላይ እንምጣ። የመኪና መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሄደህ አትድከም፣ እኔ ሁለት ቅዳሜ ተንከራትቻለሁ፣ የፊያት 128 የሆነ ነገር አውጥተው "ይሄ ይገጥማል" ይሉሃል፣ አይገጥምም። ከውጭ የሚገኘው ባብዛኛው አሜሪካ ነው ምክንያቱም ከስፓይደሩ አብዛኛው የተሸጠው እዛ ነው። ግን መኪናው በፈረንጅ ከ1966 እስከ 1985 ድረስ የተሰራ ስለሆነ ዓመቱን ሳታረጋግጥ እንዳታዝ፣ የኔ ሞተር የ1608 ሲሲው ነው፣ ያንተ 1756 ካልክ ከኔ ጋር አንድ ነው ብለህ በኔ ፎቶ እንዳታዝ። ዘመድ በሻንጣ የሚያመጣልህ ከሆነ ከላይ የሚለበጠው ስስ ሽፋን ይሻላል፣ አሮጌው ላይ በሲሊከን ይለጠፋል፣ ከሩቅ ያምራል፣ ቀረብ ብለህ ስታየው ግን ኮፍያ እንዳደረገ ያስታውቃል። እኔ አልወደድኩትም።

እኔ ያደረግኩት አሮጌውን ማልበስ ነው። የሞተውን ስፖንጅ ፍቄ፣ ስንጥቁን በፋይበር ሞልቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክዬ፣ አዲስ ስስ ስፖንጅ ለጥፌ የመኪና ወንበር ልብስ ለሚሰፋ ሰው ሰጠሁት። የመጀመሪያው ሰው የሶፋ ቆዳ በተራ ማስቲሽ ለጠፈልኝ፣ ሲያስረክበኝ እንዴት ያምራል መሰለህ፣ አንድ ወር ፀሐይ ላይ ቆማ ፊኛ ፊኛ እያለ ተነሳ። ሙቀት የሚችል ማጣበቂያና የመኪና ቪኒል ብለህ ተከራከር፣ የሚያብረቀርቅ ቀለም ደግሞ አትምረጥ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ፀሐይ ስትነዳ የፊት መስታወቱ ላይ ተንፀባርቆ መንገዱን አያሳይህም፣ ደብዛዛ ጥቁር ነው የሚሻለው። ሌላው ቪኒሉና ስፖንጁ ሲጨመር የጌጆቹ ቀዳዳ ይጠባል፣ ሳይለጠፍ በፊት ጌጆቹን ይዘህ ሄደህ አስለካ። እኔ አልሄድኩም፣ በኋላ በምላጭ ስፍቅ ዋልኩ።

ዳሽቦርዱ ወጥቶ እያለ ሂተሩን ሳታይ እንዳትመልሰው። የውሀ መክፈቻው ማፍሰስ ይወዳል፣ እግርህ ስር የሚርሰው ምንጣፍ ከዛ ነው፣ ጎማ ቱቦዎቹንም ቀይር። የጌጅ አምፖል በሙሉ ቀይር፣ የፊውዝ ሳጥኑን ጥርሶች አጽዳ። የፊት መብራቱ ከረንት ደግሞ በስዊቹ ውስጥ ስለሚያልፍ ስዊቹ ይግላል፣ ሁለት ሪሌይ (ትልቁን ከረንት በስዊቹ ፋንታ የሚያሳልፍ ማብሪያ) ግጠምለት፣ አንዴ ተከፍቶ እያለ የግማሽ ቀን ስራ ነው።

ስትመልሰው ሁሉንም ብሎን በላላው አስገባና መጨረሻ ላይ አጥብቅ፣ አንዱን ጎን ቀድመህ ካጠበቅክ ሌላው ቀዳዳ አይገጣጠምም። አሁን ሳቅብኝ፣ እኔ የመጀመሪያውን ጊዜ ሁሉን ገጥሜ ጨርሼ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሰፈር ሁሉ አይቶ አደነቀ። ሐምሌ ገባ፣ አንድ ማታ ከእንጦጦ ስወርድ የፊት መስታወቱ ጉም ለበሰ፣ ሂተሩን ብከፍተው ምንም የለም፣ ለካ ወደ መስታወቱ አየር የሚወስደውን ቱቦ ሳልሰካው ነው የዘጋሁት። እየቆምኩ በፎጣ እየወለወልኩ ቤት ደረስኩና በሳምንቱ እንደገና ፈታሁት። እግረ መንገዴን ፍሬቻ ባበራሁ ቁጥር የነዳጅ ጌጁ አብሮ ይጨፍር ነበር፣ እሱም የረሳሁት የመሬት ሽቦ ነበር። ስለዚህ የመጨረሻውን ብሎን ሳታጠብቅ በፊት ባትሪውን መልሰህ ሁሉን አብራ፣ መብራት፣ ፍሬቻ፣ ዋይፐር፣ ሂተር፣ እጅህን መስታወቱ ስር አድርገህ አየሩን ቅመሰው።

ስንት ቀን ላልከው፣ መፍታቱ አንድ ከሰዓት፣ መልበሱ እንደ ሰፊው ፀባይ፣ መመለሱ ሁለት እሁድ ያዝለት። ዋጋ አልነግርህም፣ እኔ የከፈልኩትን ብነግርህ ዛሬ ሄደህ ትጣላለህ። የመሪው ዳዶ ቁልፍ ከሌለህ እኔ ጋ አለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ ግን ሳትፈታት በፊት ይዘሃት ና፣ የ1756ቷን ድምፅ ልስማው።