ረግረግ ደን መጠበቅ ሥራ ይሆናል ወይ? ለሱሉልታዋ እህቴ

እህቴ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። ስለ ኮንጎ ረግረግ ደን ካወቅሽ ወዲህ ሌላ ሥራ አልታይሽ ብሏል። አባትሽ ግን «ጭቃ ልትጠብቂ ነው ያስተማርኩሽ?» ብለውሻል።

መጀመሪያ ለአባትሽ። ያ ጭቃ ፒት ይባላል። ውሃ ስለተኛበት የወደቀው ቅጠልና ግንድ አየር አያገኝም። በደንብ ሳይበሰብስ ለሺህ ዓመታት ይደራረባል፤ ካርቦኑም አብሮ ይቀበራል። የኮንጎው በ2017 እ.ኤ.አ. ካርታው ሲወጣ 30 ቢሊዮን ቶን ያህል ካርቦን እንደያዘ ተገመተ። ጎሪላና የደን ዝሆን ይኖሩበታል፤ የአካባቢው ሰውም ዓሣውን የሚያወጣው ከዚያው ነው። ኢንዶኔዢያ በ1990ዎቹ አንድ ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ለሩዝ ብላ በረግረግ ደኗ ውስጥ ቦይ አስቆፈረች። ሩዙ አልሆነም። የደረቀው አፈር ግን በየጊዜው እየነደደ አገሩን በጭስ አፈነው። አሁን ቦዮቹን መልሶ መገደብ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል።

ስለዚህ ከዛፍ በፊት ውሃ ልኬት ተማሪ። መሣሪያው ቀላል ነው፦ ጎኑ የተበሳሳ የፕላስቲክ ቱቦ መሬት ውስጥ ትተክያለሽ፣ ውሃው ስንት ሴንቲሜትር ላይ እንዳለ በየሳምንቱ ትመዘግቢያለሽ። ይህን ሰፈርሽ ጨፌ ላይ ጀምሪው። የሱሉልታ አፈር ፒት ነው አልልሽም፤ እጅሽ ግን ይለምዳል። ባለሙያዎቹ ፒት ጨብጠው ይጨምቃሉ። ጥርት ያለ ውሃ ከወጣ ገና አልበሰበሰም፤ እንደ ገንፎ በጣታቸው መሃል ካመለጠ በስብሷል።

ከብት የሚያግዱትንና ቄጤማ የሚያጭዱትን ጠይቂ። ዱሮ ውሃው እስከ የት ይመጣ ነበር? ማን ነው ያጠነፈፈው? ኦሮምኛሽ እዚህ ላይ ትልቅ ሀብት ነው። ሰዉን ያላዳመጠ ባለሙያ ቱቦው በሳምንቱ ተነቅሎ ነው የሚያገኘው፣ ደግሞም አይፈረድባቸውም።

ፈረንሳይኛ ዛሬውኑ ጀምሪ፤ የሁለቱም ኮንጎዎች የሥራ ቋንቋ እሱ ነው። ኪውጂአይኤስ (QGIS) የሚባለውን የካርታ ሶፍትዌር በነፃ አውርደሽ ካርታ መሥራት ተለማመጂ። እዚህ አገር «የረግረግ ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ እምብዛም አታዪም፤ በተፋሰስ ልማትና በአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ በኩል ግቢ።

የመመረቂያ ጽሑፍሽን በዚያው ጨፌ ላይ አድርጊው። ቱቦውን ክረምቱ ሳይገባ ትከዪ። የመስከረሙን ልኬት ላኪልኝና የማስተርስ ማመልከቻሽን አብረን እንጽፋለን።