ልጆችና ሥራ፦ ከአንባቢያን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

አንዲት በድሬዳዋ የሳቢያን ሰፈር ነዋሪ፣ የ11 ዓመት ልጃቸው ሳህን እንድታጥብ ሲያዝዟት «የልጅ ጉልበት ብዝበዛ ነው» እያለች እንደምትከራከራቸው ገልጸው የሕጉን አቋም ይጠይቃሉ።

ብዝበዛ አይደለም፤ ሳህኑን ትጠብ። ወንድም ካላት እሱም ተራ ይግባ።

የጋራዥ ባለቤት የሆኑ አንባቢ የ14 ዓመት ልጅ በአባቱ ፊርማ እንደቀጠሩ ጽፈው፣ ፊርማው ይበቃ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

አይበቃም። 14 ዓመት ለቅጥር ይበቃ የነበረው በአዋጅ ቁጥር 377/1996 ዘመን ሲሆን፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን ዕድሜ 15 ስላደረገው አባት በፊርማው ሊያስቀረው አይችልም። ልጁ 15 ሞልቶት ቢቀጥሩትም እንኳ እስከ 18 ዓመቱ ድረስ «ወጣት ሠራተኛ» ስለሆነ፣ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በትርፍ ሰዓት ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሊያሠሩት አይፈቀድም። ለቀሪው ጠበቃ ቢያማክሩ አይከፋም።

የከፊራ ነጋዴ ደግሞ የ16 ዓመት የወንድማቸው ልጅ የሽንኩርት ኩንታል ከአይሱዙ ላይ ቢያወርድ ዕድሜው ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቀዋል።

ኩንታል 100 ኪሎ መሆኑን ለነጋዴ መንገር አያሻም። ለጤና አደገኛ የሆነ ሥራ 15 ዓመት ለሞላውም ክልክል ስለሆነ ጎልማሳ ተሸካሚ ይቅጠሩ።

ከከዚራ የጻፉልን ወይዘሮ፣ ከገጠር ያመጧትን የ12 ዓመት ልጅ እንደ ልጃቸው እንደሚያዩና ደመወዟን ለእናቷ እንደሚልኩ ገልጸው፣ ጎረቤታቸው ግን «ሕግ ጥሰሻል» ብላ እንዳስቀየመቻቸው ይናገራሉ።

ወይዘሮ ሆይ፣ ልጅቷ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥታ እንደምትጋግር፣ የልጆችዎን ደብተር በየቦርሳቸው እንደምትከት፣ ከዚያም ሕፃን አዝላ እንደምትውል የጻፉልኝ ራስዎ ነዎት። ስለ እርሷ ደብተር ግን በሦስት ገጽ ደብዳቤዎ ውስጥ አንድ ቃል የለም፤ የገዛ ልጅዎን እንዲህ አድርገው ያሳድጋሉ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በመኖሪያ ቤት የሚሰጥን የግል አገልግሎት ለደንብ ትቶ ራሱ ስለማይገዛው፣ ብዙ ቤተሰብ ከአጥር ወዲህ ሕግ የሌለ ይመስለዋል። ሆኖም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ትምህርቱን፣ ጤንነቱንና ደኅንነቱን የሚጎዳ ሥራ ከመሥራት የመጠበቅ መብት እንዳለው ሲደነግግ ሳሎንና ጓዳን ከፋብሪካ አልለየም፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 መሠረትም በኃላፊነት የያዘውን ልጅ ከአቅሙ በላይ የሚያሠራ ወይም የሚደበድብ ሰው ይቀጣል። ደመወዙ ለእናቷ መላኩ የልጅቷን መብት አይተካም።

ይህን አንብበው ደንግጠው ለብቻዋ አውቶቡስ ላይ እንዳይጭኗት አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ ይህን የሚያደርጉ ቤቶች አሉና፣ መናኸሪያ ላይ የቀረች ልጅ የሚጠብቃት ከእርስዎ ጓዳ የከፋ ነው። ወደ አካባቢዎ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይዘዋት ይሂዱ፤ ይህ ለወግ ያህል የተሰጠ ምክር አይደለም። ወደ እናቷ የምትመለስበትን ወይም እርስዎ ዘንድ ሆና የምትማርበትን መንገድ እናቷ ባለችበት ከባለሙያዎቹ ጋር ይወስኑ።

በመጨረሻ፣ ከገንደ ቆሬ የጻፉ ሰው ከጎረቤት ቤት ሌሊት ሌሊት የተቀጣሪ ልጅ ጩኸትና የዱላ ድምፅ እንደሚሰሙ ገልጸው፣ ጣልቃ መግባት ነውር ይሆን ወይ ብለዋል።

ፖሊስ ይጥሩ። ለእኔ ከመጻፍዎ በፊት ሊጠሩ ይገባ ነበር።