ፊርማው ጌጥ ነው ወይስ ጭረት?

በዚህ ወር ከመጡልኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ሳይመካከሩ አንድ ነገር ነው የጠየቁኝ፣ ሞዴል መኪና ላይ ፊርማ ይደረግ ወይስ አይደረግ። ሦስቱም ከወሎ ናቸው፣ እሱ ደሞ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ምክንያቱም እስካሁን እዚህ አካባቢ ትንሽ መኪና ሚሰበስብ ትልቅ ሰው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ቤት ውስጥም "ልጆቹ የተዉትን አንተ ያዝከው" እየተባልኩ ነው የኖርኩት።

ጥያቄ ፩፦ "ጋሼ እንደምን ከረሙ። ደሴ ቧንቧ ውሃ ነው ምኖረው። ሞዴል መኪና እሰበስባለሁ፣ ብዙ አይደሉም 30 ምናምን ቢሆኑ ነው፣ አብዛኞቹ 1/64 እና 1/43 ናቸው፣ ከእውነተኛው መኪና 64 ወይ 43 ጊዜ ያነሱ ማለት ነው። አሁን አክስቴ ከዱባይ ስትመጣ አንድ ትልቅ 1/18 ይዛልኝ መጣች፣ የፎርሙላ ዋን ተወዳዳሪው የአይርተን ሴና የ1988 ማክላረን ኤምፒ4/4 የውድድር መኪና። አፍንጫው ላይ በብርማ ቀለም ፊርማ አለበት፣ የወርቅ ማህተም ያለው ሰርተፍኬትም አለው፣ በ1993 ራሱ ሴና ፈረመ ይላል። አንዱ ጓደኛዬ ዋጋው እጥፍ ሆኗል ይላል፣ ሌላው ደሞ የተጻፈበት መኪና አለቀለት፣ በአልኮል ጥረገው ይለኛል። የካርቶኑ ሥር 2006 ይላል፣ እሱ ግራ ገብቶኝ ስጠይቅ በኛ አቆጣጠር ይሆናል አሉኝ። ምን ላድርግ?"

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ከመጨረሻው እንጀምር። ሴና የሞተው በፈረንጆቹ ሜይ 1 ቀን 1994 ኢሞላ ላይ ነው፣ በኛ ሚያዝያ 23 ቀን 1986 የጊዮርጊስ ለት ማለት ነው። ካርቶኑ በፈረንጅ 2006 የታተመ ከሆነ ሰውየው ከሞተ 12 ዓመት ሆኖታል። ጓደኞችህ እንዳሉት በኛ 2006 ከሆነማ ጭራሽ ባሰ፣ በፈረንጅ 2013 ወይ 2014 ገባ ማለት ነው፣ ወደ ፊት ሸሸ እንጂ ወደ ኋላ አልመጣልህም። ካርቶኑ ተቀይሮ ቢሆንስ ካልክ መኪናውን ገልብጠህ ሥሩ ላይ የተጻፈውን እይ፣ የሞዴል ቁጥሩን ይዘህ ያ ቁጥር መጀመሪያ መቼ እንደወጣ ፈልግ። ያ መኪና በ1993 ካልነበረ ፊርማውም አልነበረም። በኔ ግምት ፌክ ነው። ለአክስትህ ግን እንዳትነግራት፣ ከዱባይ ድረስ ጭንዋ ላይ አስቀምጣ ነው ያመጣችው።

ያንን ትተን ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመጣ፣ የኔ ሐሳብ አንድ ነው፣ ፊርማ ዋጋ ሚጨምረው የፈረመው ሰው ከዛች መኪና ጋር ጉዳይ ካለው ብቻ ነው። እውነተኛው ኤምፒ4/4 በ1988 ከ16 ውድድር 15ቱን አሸንፏል፣ 8ቱን ሴና 7ቱን የቡድን ጓደኛው አለን ፕሮስት ናቸው ያሸነፉት። ስለዚህ ፕሮስት በእጁ ቢፈርምበት እኔ ራሴ ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ያለውን 401 ኪሎሜትር ሄጄ አየዋለሁ። አንድ ታዋቂ ዘፋኝ ወይ ኳስ ተጫዋች ቢፈርምበት ግን፣ ሰውየውን ብወደው እንኳ፣ ለኔ ጭረት ነው። በቁልፍ ቢቧጨር ወይ በፓርከር ቢጻፍበት ምን ለየው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሚሳሳተው ፊርማ በራሱ ውድ ነገር ይመስለዋል። ሰብሳቢ መጀመሪያ ሚያየው መኪናው ካርቶኑ ሳይከፈት፣ ቀለሙ ሳይነካ መኖሩን ነው። ፊርማ ማለት ያንን ንጽህና አውጥተህ የምትገዛው ነገር ነው። የምትገዛው ከምታወጣው ከበለጠ ጥሩ፣ ካነሰ ከሰርክ። "ለውድ እገሌ" የሚል ከተጨመረበትማ ገዢው ራሱ እገሌ ካልሆነ በቀር ማን ይፈልገዋል፣ የሰው ስም የተጻፈበት የሠርግ ስጦታ ሰሃን እንደመግዛት ነው።

እውነተኛ እና የውሸት ለመለየት ደሞ አጉሊ መነጽር በቂ ነው፣ የሰዓት ሰሪዎቹን ተውሰህ እይ። የታተመ ፊርማ ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፣ አንዳንዴም ነጠብጣብ ነገር ይታያል። በእጅ የተጻፈ ግን ብዕሩ የቆመበት ቦታ ላይ ወፈር ይላል፣ ሲፈጥን ይሳሳል፣ መስመሩ በመስመር ላይ ሲያልፍ ይታወቃል። የቀለሙ ዓይነትም ይናገራል፣ ለምሳሌ የፌራሪ መሥራቹ ኤንዞ ፌራሪ በሐምራዊ ቀለም ነበር ሚፈርመው፣ ስለዚህ በጥቁር ፓርከር የተፈረመ "ኤንዞ" ይዞልህ ሚመጣ ሰው ካለ በደንብ ጠይቀው። የወርቅ ማህተም ያልከውን እንኳ ተወው፣ ማህተም እዚሁ ፒያሳ በአንድ ቀን ተቀርጾ ይሰጥሃል፣ ሰርተፍኬት ዋጋው የሰጠው ሰው ዋጋ ነው። ከሱ ይልቅ ሰውየው መኪናውን ይዞ ሲፈርም የተነሳ ፎቶ ይሻለኛል።

ልጥረገው ወይ ላልከው፣ በፍጹም እንዳትነካው። መኪናው ላይ ያሉት ቁጥሮችና ማስታወቂያዎች በስሱ የታተሙ ናቸው፣ አልኮል ፊርማውን ሲያነሳ እነሱንም ይዟቸው ይሄዳል፣ አሴቶን ደሞ ፕላስቲኩን ራሱ ነው ሚያቀልጠው፣ መስታወት ያላቸው ሞዴሎች ላይ አልኮል ሲነካው መስታወቱ ጭጋግ ሊሆን ይችላል፣ እንደ ሐምሌ ጦሳ ተራራ፣ ያውም ማይገለጥ። አሁን ያለህ የሚያምር መኪና የውሸት ፊርማ ያለበት ነው፣ ከጠረግከው ግን የተበላሸ መኪና የውሸት ፊርማ የነበረበት ይሆናል። እንዳለ አስቀምጠው፣ አንድ ቀን ከሸጥከው ግን ፊርማው የሴና እንዳልሆነ ተናግረህ ሽጠው።

ጥያቄ ፪፦ "ጋሼ ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ ከኮምቦልቻ ነው ምጽፍልዎት። አባቴ ሹፌር ነበር፣ በኤንትሬ ጭነት መኪና አሰብ መስመር ላይ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ጣሊያን ያለው ወንድሜ የዛኑ መኪና ሞዴል 1/43 ገዝቶ ላከለት። አባቴ እንዳየው ዝም ብሎ ብዙ ቆየ፣ ከዛ 'ብዕር አምጪ ስሜን ልጻፍበት' አለ። ወንድሜ በስልክ ሰምቶ ጮኸ፣ ኦርጅናሉ ይበላሻል ዋጋው ይወርዳል እያለ። አባቴ ደሞ አኩርፏል። ማን ነው ልክ?"

መልስ፦ እህቴ፣ አባትሽ።

ወንድምሽ ክፉ ሰው አይደለም፣ ኢንተርኔት ላይ ሚባለውን ነው ያለው፣ ግን ማን ሊሸጠው ነው? ደሞ ከላይ ለደሴው ልጅ የጻፍኩትን ስታነቢ፣ የፈረመው ሰው ከመኪናው ጋር ጉዳይ አለው ወይ ነው ያልኩት። አባትሽን የሚያህል ጉዳይ ያለው ሰው ከየት ይመጣል። ኤንትሬ ምንለው የፊያት 682 ዘር ነው፣ 682 በፈረንጅ ከ1952 ጀምሮ የተሠራ መኪና ነው፣ ጣሊያኖቹ ራሳቸው የአፍሪካ ንጉሥ ይሉታል፣ ንጉሥ ያደረጉት ግን ፋብሪካው ውስጥ ያሉት ሰዎች አይመስሉኝም፣ ባቲን ወርደው በሚሌ በረሃ አሰብ ይደርሱ የነበሩት፣ ተጭነው ሲመለሱ ሐረጎን በአንደኛ ማርሽ እያቃሰቱ ደሴ ይወጡ የነበሩት ሹፌሮች ናቸው። እኔ ልጅ ሆኜ የኤንትሬ ድምፅ ከሩቅ ስንሰማ መንገድ ዳር ወጥተን እንቆም ነበር፣ ሹፌሩ ክላክስ ካደረገልን የዛን ቀን ሌላ ወሬ የለንም።

አንድ ነገር ደሞ ለወንድምሽ ንገሪው፣ እውነተኛው መኪና እኮ በሩ ላይ የባለቤቱ ስምና ሚጭነው ኩንታል ይጻፍበታል፣ ግንባሩ ላይ ጥቅስ፣ የኋላ ጭቃ መከላከያው ላይ ሌላ ጥቅስ። ያልተጻፈበት የጭነት መኪና ማን አይቶ ያውቃል? ባዶው ሞዴል ነው ኦርጅናል ያልሆነው።

አሁን እንዴት ይጻፍ ወደሚለው ልምጣ፣ ምክንያቱም እኔ እዚህ ላይ ተበልቻለሁ። የመጀመሪያ መካኒክነት ያስተማረኝ ሰውዬ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ ቮልስ ሞዴል ነበረችኝ እሷ ላይ በተራ ፓርከር አስፈረምኳቸው። እንዳይለቅ ብዬ በማግስቱ ቫርኒሽ ነፋሁበት። ወዲያው ነው ቀለሙ መፍሰስ የጀመረው፣ ፊርማቸው ከኮፈኑ ወደ ፋናው ወረደ፣ ያለቀሰች ነው ምትመስለው። እስካሁን መደርደሪያዬ ላይ አለች፣ አልጣልኳትም፣ ግን ሰው ሲመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ነው ማዞረው።

ስለዚህ ተራ ፓርከር አትግዢ፣ እሱ ብርሃን ሲያገኘው ይደበዝዛል፣ በተለይ የኮምቦልቻ ፀሐይ ከደሴው ይለያል። ሲነቀነቅ ውስጡ ኳስ ነገር ሚንኳኳው የቀለም ፓርከር አለ፣ ዘይት ያለበት፣ ጫፉ ቀጭን የሆነውን ጠይቂ። መጀመሪያ የመኪናው ሆድ ላይ ትንሽ ነጥብ አድርጊና ቀለሙን ይበላው እንደሆነ እዪ። ሚጻፍበትን ቦታ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጊው፣ የእጅ ቅባት ካለ ቀለሙ አይዝም። ከተጻፈ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ማንም አይንካው፣ ቫርኒሽ ሚባል ነገር ደሞ ቤቱ እንዳይገባ። ከዛ መስኮት አጠገብ አታስቀምጪው።

ችግሩ ቦታው ነው። አንድ ሜትር ስፋት ያለው በር 1/43 ላይ 2 ሴንቲሜትር ከምናምን ነው ሚሆነው፣ ያባትሽ እጅ ደሞ ያን ሁሉ ዓመት መሪ ሲታገል የኖረ እጅ ነው፣ ሙሉ ስም አይበቃውም። እኔ ብሆን በሩ ላይ የስሙን መጀመሪያ ፊደል ብቻ አስጽፌ፣ ሙሉ ስሙን፣ የዛችን መኪና ታርጋ ካስታወሰው ታርጋዋን፣ ከስንት እስከ ስንት ዓመተ ምህረት እንደነዳት ደሞ መቆሚያው እንጨት ላይ አስጽፈው ነበር። ታርጋውን ያስታውሰዋል፣ ሹፌር የልጁን ልደት ይረሳ ይሆናል እንጂ ታርጋ አይረሳም። ሲጽፍ በስልክሽ ቅረጪው፣ እንቢ ካለ ቡና እያፈላሽ ቅረጪው። አንድ ነገር ብቻ፣ ሲጽፍ መኪናውን በጎማው እንዳይጫነው፣ የነዚህ ሞዴሎች አክሰል እንደ ክብሪት እንጨት ነው ሚሰበረው፣ ከሆዱ በታች የታጠፈ ጨርቅ አድርጊለት።

ለወንድምሽም አብሽር በይው፣ ኦርጅናል ከፈለገ ሁለተኛ ይግዛና ካርቶኑን ሳይከፍት ጣሊያን አስቀምጦ ይየው።

ጥያቄ ፫፦ "ሰላም ጋሼ፣ ላሊበላ ነኝ። ከሽቦ፣ ከጣሳ እና ከሸበጥ ጎማ መኪና እየሠራሁ ለቱሪስት እሸጣለሁ፣ ባጃጅ፣ አይሱዙ፣ ቅጥቅጥ። አንድ ፈረንጅ 'ለምን ስምህን አትፈርምበትም' አለኝ። እኔ ማን ሆኜ ነው ምፈርመው? ያስቀንስብኛል ብዬ ፈራሁ።"

መልስ፦ ማን ሆኜ ነው ማለት ምን ማለት ነው፣ የሠራኸው አንተ!

ሆት ዊልስ ሚባለው የአሜሪካ ትንንሽ መኪና ብራንድ በፈረንጅ 1968 በ16 መኪና ነው የጀመረው፣ በዓመቱ በ1969 ላሪ ዉድ ሚባል ዲዛይነር ገባና ለብዙ ዓስርት ዓመታት ትንንሽ መኪና ሲስል ኖረ። ሰውየው ሹፌር አይደለም፣ ተወዳዳሪ አይደለም፣ ግን ሰብሳቢዎች የሱን ፊርማ ለማግኘት ተሰልፈው ነው ሚጠብቁት፣ ስለሳላቸው። እሱ እንኳ ንድፉን ነው ይስል የነበረው፣ ያመርት የነበረው ፋብሪካ ነው። አንተ ሽቦውን ያጠፍከው፣ ጣሳውን የቆረጥከው፣ ሸበጡን በምላጭ ክብ ያደረግከው ራስህ ነህ። የሴናን ፊርማ በውሸት ሚጽፍ ሰው ባለበት ዓለም አንተ የራስህን ለመጻፍ ታፍራለህ እንዴ?

ግን አጻጻፉ ላይ እንስማማ። ፊት ለፊት እንዳታደርገው፣ መኪናው ይታይ። ሥሩ ጣሳው ላይ በምስማር ጫረው፣ ፓርከር ከቆርቆሮ ላይ ይለቃል፣ ጭረት ግን አይለቅም፣ ለአንተ ብቻ ነው ጭረቱ ጌጥ ሚሆነው። ስምህ፣ ላሊበላ፣ ዓመተ ምህረቱ፣ እና ስንተኛ መኪናህ እንደሆነች ቁጥር ስጣት፣ እስካሁን የሠራኸውን ካልቆጠርክ ከዛሬ ጀምረህ 1 በል። ዓመቱን በኛ አቆጣጠር መሆኑን "ዓ.ም" ብለህ ግለጽ፣ አለዚያ አንድ ቀን አንዱ ፈረንጅ ከመሠራቷ በፊት የተፈረመች መኪና ነች ብሎ እንደ ደሴው ልጅ ግራ ይገባዋል። ዋጋም አትቀንስ፣ ከፈረምክባት በኋላ የተከራከረህ ሰው ካለ ያልተፈረመችውን ስጠው።

አንዷን ባጃጅ ደሞ ለኔ አስቀምጥልኝ፣ ሰማያዊ ቀለም ያላት ከሆነች ይሻላል። ወደዛ ሚመጣ ሰው ሳገኝ ብሩን እልክልሃለሁ።