ጥያቄ፦ የሞተር መጋዜ ነዳጅ ስሰጠው ይጠፋል፤ ወኪሉ ጋር ልውሰደው ወይስ ራሴ ልጠግነው?

መልስ፦ ገና አትውሰደው። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው በዝቅተኛ ዙር) እየሠራ ነዳጅ ሲሰጠው የሚጠፋ መጋዝ አብዛኛውን ጊዜ ቤንዚን አንሶት ነው።

1. ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የታንከሩን ክዳን ክፈትና የቤንዚን ፊልትሮውን በታጠፈ ሽቦ ስበህ አውጣ። ከጠቆረ ቀይረው፤ ማጠብ አያዋጣም። ቱቦው ከተሰነጠቀ አየር ስለሚስብ እሱንም ቀይር።
2. የአየር ፊልትሮውን አጽዳ።
3. ካልተሻለው ካርቡሬተሩን ፍታ። ውስጡ ያለው ቤንዚን የሚስበው ስስ ሽፋን (ዲያፍራም) ከደረቀ ቤንዚን በደንብ አይስብም። የዲያፍራም መቀየሪያ ኪቱን በካርቡሬተሩ ላይ በተጻፈው ቁጥር ግዛ፣ መጋዞቹ ቢመሳሰሉም ካርቡሬተራቸው ይለያያል።

ዙር ለመጨመር ብለህ ካርቡሬተሩ ላይ ያለውን «ኤች» የሚለውን የቤንዚን ማስተካከያ ብሎን አታጥብቅ፤ ሲጠብቅ ቤንዚኑ ያንሳል። ዘይቱ ሞተር ውስጥ የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ስለሆነ ቤንዚን ሲያንስ ቅባቱም ያንሳል፤ ፒስተኑ ይነክሳል (ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል)። ማርሚታውን ፈትተህ በጭስ መውጫው ስታይ ፒስተኑ ከተጫጫረ ግን ያኔ ወኪሉ ጋር ውሰደው።