የእንቁራሪት ጡንቻ እንጀራ ይሆናል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከለገጣፎ ነው። ጠያቂያችን የባዮሎጂ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስትሆን የመመረቂያ ጥናቷን በእንቁራሪት ጡንቻ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ቱቦዎች ላይ መሥራት ትፈልጋለች። ትምህርት ክፍሏ ያለው ተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ነው። ቤተሰብ ደግሞ «ይኼ ምን እንጀራ ይሆናል?» እያለ ነው።

እህታችን፣ ከቤተሰብሽ ጥያቄ እንጀምር። «የእንቁራሪት ጡንቻ አጥኚ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ጠብቀሽ አታገኚም። የሚቀጠረው ሕብረ ሕዋስን ሳያበላሽ ለማይክሮስኮፕ የሚያደርስ እጅ ነው። ያንን እጅ ለመግራት ግን ከዚህ ርዕስ የተሻለ ብዙ የለም፤ እነዚህ ቱቦዎች ስህተት አይችሉም።

ቲ ቱቦ የሚባለው የጡንቻው ክር ሽፋን ራሱ ወደ ውስጥ ሰርጎ የሚፈጥረው መስመር ነው። ውፍረቱ በአሥር ቤት ናኖሜትር ይቆጠራል። የኤሌክትሪክ መልእክቱን ወደ ክሩ እምብርት ያደርሳል፤ ግራና ቀኝ ተጠግተውት ያሉት የሳርኮፕላዝሚክ ሬቲኩለም (የክሩ የካልሲየም ማከማቻ) ከረጢቶችም ካልሲየም ይለቃሉ፤ ክሩም ይኮማተራል። ሦስቱ አንድ ላይ ትራያድ ናቸው። በእንቁራሪት ትራያዱ የሚገኘው በሳርኮሜሮች (ክሩ በተደጋጋሚ በተከፋፈለባቸው የመኮማተሪያ ክፍሎች) ድንበር፣ ማለትም ዜድ መስመር ላይ ነው፣ ለአንድ ሳርኮሜር አንድ። በሰውና በሌሎች አጥቢዎች ግን የኤ (ጠቆር ያለው) እና የአይ (ነጣ ያለው) ባንድ መጋጠሚያ ላይ ስለሆነ ለአንድ ሳርኮሜር ሁለት ይደርሳል። ከሕክምና መጽሐፍ የሰውን ሥዕል ገልብጦ «እንቁራሪት» ብሎ የሚጽፍበት ተማሪ ብዙ ነው፤ ፈታኝ ፊት ቀድሞ የሚያስይዝሽ ይኸው ነው። ተመራማሪዎቹ አንድሩ ሀክስሊና ሮበርት ቴይለር በፈረንጆቹ 1958 የእንቁራሪትን ክር በቀጭን ፒፔት ጫፍ ሲቀሰቅሱ፣ ክሩ የተኮማተረው ጫፉ ከዜድ መስመር ትይዩ ባሉ የተወሰኑ ነጥቦች ላይ ሲያርፍ ነው። ሌላው ተመራማሪ ሊ ፒቺ በ1965 ሲለካ ደግሞ ቱቦዎቹ ከክሩ ይዘት 0.3 በመቶ ገደማ ብቻ፣ ሬቲኩለሙ ግን 13 በመቶ ገደማ ይዘው ተገኙ።

ጡንቻው ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ኦስሚየም በሚባለው ማድረቂያ ኬሚካል ብቻ ሲዘጋጅ ቱቦው ተበጣጥሶ የፊኛ ሰልፍ ይመስል ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግሉታራልዲሃይድ የሚባለው ሌላ ኬሚካል ሲመጣ ነው አንድ ወጥ መስመር መሆኑና ወደ ውጭ መከፈቱ በደንብ የታየው። ዝግጅቱ ሲለወጥ «እውነቱ» ተለወጠ ማለት ነው።

ያንቺ ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር በታች አይለይም፤ ቱቦውን አታይበትም። ስለዚህ ርዕሱን አዙሪው፦ የአዘገጃጀት ስልት በሳርኮሜር ርዝመት ላይ የሚያመጣው ለውጥ። የጭኑ ሳርቶሪየስ ጡንቻ ስስ ጠፍጣፋ ስለሆነ ፎርማሊን ቶሎ ይዘልቀዋል። የግራ እግሩን ጡንቻ ሳትቆርጪ በፊት ሁለቱንም ጫፍ ባለበት ርዝመት ከስንጥር ጋር በክር እሰሪው፤ የቀኙን ሳታስሪ ቁረጪው። ያልታሰረው ይሸማቀቃል፣ አይ ባንዱም ይጠብባል። ሁለቱም ከአንድ እንስሳ ስለሆኑ ንጽጽሩ የጸዳ ይሆናል።

ማጠቢያው ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ከፋርማሲ የሚገዛው 0.9 በመቶ ሳላይን ለእንቁራሪት ጨው ይበዛበታል፤ ክሮቹ ውኃ አጥተው ይጨማደዳሉ። በ1 ሊትር የተጣራ ውኃ 6.5 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ፣ 0.14 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 0.2 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት አሟሚ። 0.12 ግራሙን ካልሲየም ክሎራይድ ለብቻው በትንሽ ውኃ አሟምተሽ በመጨረሻ ቀስ እያልሽ ጨምሪ፤ ከባይካርቦኔቱ ጋር በደረቁ ከተገናኘ ይደፈርስብሻል።

ከዚያ ከነስንጥሩ፣ የጡንቻውን 20 እጥፍ በሚሆን 10 በመቶ በፈር የተደረገበት ፎርማሊን ውስጥ 24 ሰዓት ይቆይ። ውኃውን በአልኮል፣ አልኮሉን በዛይሊን አስወጥቶ በፓራፊን ሰም መቅበሩ የተለመደው ነው። በቁመቱ በ5 ማይክሮሜትር ቁረጪና በብረት ሄማቶክሲሊን ቀለም ቀቢው። በ100 ኤክስ የዘይት ሌንስ አሥር ሳርኮሜሮችን በአንድነት ለክተሽ ለአሥር አካፍይ፤ አንድ በአንድ መለካት ስህተቱን ያበዛዋል። ፓራፊን ሕብረ ሕዋስን ስለሚያሳጥር ቁጥሩ በሕይወት ካለው ጡንቻ ያንሳል፤ ይህን ጽሑፉ ላይ ሳትደብቂ ጻፊው።

ለቱቦዎቹ በነፃ የተለቀቁ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ምስሎችን በኢሜጅ ጄ፣ በነፃ በሚገኘው የምስል መለኪያ ፕሮግራም፣ ለኪ። ልኬቱን ምስሉ ላይ ካለው የመለኪያ መስመር ውሰጂ እንጂ ከስሩ የተጻፈውን «ይህን ያህል እጥፍ» አትመኚ፤ ምስሉ ሲተልቅና ሲያንስ ያ ቁጥር ይዋሻል።

እንቁራሪቱ ክረምት ላይ ሜዳው ሁሉ ሲጮህ ስለሚያድር ብቻ ወጥተሽ አትልቀሚ። ብዙዎቹ የደጋ ዝርያዎች የአገራችን ብቻ ናቸው፤ በትምህርት ክፍልሽ በኩል ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ጠይቂ፣ የእንስሳት አያያዝ ሥነ ምግባር ይሁንታም ያዢ።

ወደ እንጀራው ስንመለስ፣ የባዮሎጂ ዲግሪ በጤና ተቋም የሕክምና ላብራቶሪ ባለሙያ አያደርግሽም፤ ያ የራሱ ትምህርትና የሙያ ፈቃድ አለው። ላንቺ የሚቀርበው የእንስሳት ጤናና የምርምር ላብራቶሪ፣ ቀጥሎም በአናቶሚ ወይም በፊዚዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ ማስተማር ነው። የትብብር ደብዳቤ አጽፈሽ ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የተግባር ልምምድ ይቀበል እንደሆነ ጠይቂ። ከለገጣፎ ሰበታ መሄድ አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ስለሆነ ለሴሚስተር ዕረፍት አድርጊው። ሲቪሽ ላይ «ስለ ቲ ቱቦ ጥልቅ ዕውቀት» አትበይ፤ «ጡንቻ በፎርማሊን አዘጋጅቼ፣ በፓራፊን ቀብሬ፣ በ5 ማይክሮሜትር ቆርጬ፣ ቀብቼ ለክቻለሁ» በይ፣ የስላይዶቹንም ብዛት ጨምሪ።

ርዕሱን ከማስጸደቅሽ በፊት ግን ላብራቶሪ ገብተሽ የማይክሮቶሙ (የስስ ቁራጭ መቁረጫው) ምላጭ መኖሩንና መሳሉን በዓይንሽ እይ።