ጆሮ የበላ ሥራ፤ ካሳ እንዴት ይጠየቃል? (ጥያቄና መልስ)

ጋሽ ዴሲቤል፦ ዛሬ አመሻሹን እዚሁ ነኝ። ለማታውቁኝ፣ ፋብሪካ ለፋብሪካ እየዞርኩ ጩኸት ስለካ ነው የኖርኩት። አሁን የተጎዱ ሠራተኞች ፋይል ሲያደራጁ አግዛለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ አንቀጽ ጥቀስ አትበሉኝ። ደግሞ ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ኦሪጅናል የሕክምና ወረቀት ለማንም አትስጡ። ኮፒ ብቻ።

ፈትል ክፍል፦ ጋሼ፣ ፈትል ማሽን ላይ 19 ዓመት ሠራሁ። አሁን ሰው ሲያወራኝ ድምፁን እሰማለሁ፣ ቃሉን ግን አልለየውም። ሐኪሙ ኦዲዮግራም (የመስማት ምርመራ ወረቀት) አንስቶ «የዕድሜ ነው» አለኝ። 46 ዓመቴ ነው።

ጋሽ ዴሲቤል፦ እህቴ፣ ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። ወረቀቱን አውጪው። አግድም የተጻፉት ቁጥሮች 250፣ 500፣ 1000 እያሉ እስከ 8000 ይሄዳሉ። ኸርዝ ናቸው፤ ከወፍራም ድምፅ ወደ ቀጭን። ከላይ ወደ ታች ያለው ዴሲቤል፣ የድምፅ ጉልበት መለኪያው ነው፤ መስመሩ በወረደ ቁጥር መስማትሽ ቀንሷል። አሁን ጣትሽን 4000 ላይ አድርጊ። መስመሩ እዚያ ጋ ጎድጉዶ 8000 ላይ መልሶ ቀና ካለ፣ ጩኸት ያለፈበት ዱካ ነው። ጉድጓዱ 3000 ወይም 6000 ላይም ይገኛል። የዕድሜ ሲሆን ግን ቀና አይልም፤ እየወረደ ሄዶ 8000 ላይ ከሁሉም ይብሳል። ሁለቱን ጆሮዎችም አስተያዪ። የፋብሪካ ጩኸት አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እኩል ነው የሚበላው። አንዱ ብቻ ከተጎዳ ሐኪሙ ሌላ ምክንያት መፈለጉ አይቀርም፤ ልክም ነው።

ችግሩ፣ ዓመታት ሲያልፉ ጉድጓዱ ይሰፋና ከዕድሜው ጋር ይቀላቀላል። ለዚህ ነው የድሮ ኦዲዮግራም ወርቅ የሚሆነው። ስትቀጠሪ ተመርምረሽ ከነበረ ውጤቱን ከመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ጠይቂ። እንደገና ስትመረመሪ ደግሞ ቢያንስ 14 ሰዓት ከጩኸት ራቂ። ከሺፍት ወጥተሽ በቀጥታ ከሄድሽ የሚለካው የደከመ ጆሮ ነው። ተከራካሪሽ ይቺን ካገኘ ምርመራውን እንዳለ ይጥለዋል።

ብየዳ ቤት፦ ስንት ይከፈለኛል?

ጋሽ ዴሲቤል፦ አላውቅም። ጉዳቱ በፐርሰንት ይወጣል፣ ቀሪውን የአገርህ ሕግ ይወስነዋል።

አዲስ ገቢ፦ መሥሪያ ቤቴ ጩኸት አለው። መክሰስ እችላለሁ?

ጋሽ ዴሲቤል፦ የምን ጩኸት? በቀን ስንት ሰዓት? ስንት ዓመት? ወንድሜ፣ እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

ክሬሸር፦ እኛ ጋ ድንጋይ ነው የምንፈጨው። ጩኸቱን ለክተውት አያውቁም። በምን ላረጋግጥ?

ጋሽ ዴሲቤል፦ አንድ ሜትር ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለማውራት ድምፅህን ከፍ ማድረግ ካለብህ፣ ምናልባት 85 ዴሲቤል አልፏል። ብዙ ቦታ ለ8 ሰዓት ሥራ የሚያዘው ልክ እሱ ነው። ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፦ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ። የማሽኑን ዓይነት፣ ስንት ሰዓት አጠገቡ እንደምትቆም፣ አብሮህ ማን እንደነበረ በቀን በቀኑ ጻፍ። የሥራ ጓደኞችህ ምስክር ይሆናሉ። የስልክ አፕ መነሻ ይሆንሃል እንጂ ለብቻው ማስረጃ አይሆንም።

ሌሊት ሺፍት፦ ጆሮ ይለምዳል እኮ። እኔን የረበሸኝ የመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ነው።

ጋሽ ዴሲቤል፦ አይለምድም! ውስጠኛው ጆሮ ላይ ያሉት ጥቃቅን የፀጉር ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። የማይረብሽህ መስማት ስላቆምክ እንዳይሆን። ተመርመር።

ፎርማን ነኝ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ የጆሮ መሰኪያ ተሰጥቷቸው ኪሳቸው ከተው የሚዞሩ አሉ። ለእነሱም ካሳ?

ፈትል ክፍል፦ እኛ ጋ መሰኪያ ያደረገ ሰው «ስጠራህ አትሰማም» ተብሎ ደሞዙ ተቆርጧል።

ፎርማን ነኝ፦ እሱ የእናንተ ቤት ጣጣ ነው። እኔ አስፈርሜ ነው የምሰጠው።

ክሬሸር፦ ማስፈረሙንማ ማን ይጠላል! ለ8 ወር አንድ ጥንድ። ቢጫው ስፖንጅ ጠቁሮ፣ ደርቆ፣ ጠጠር ሆኖ ጆሮ አልገባ አለ።

ፎርማን ነኝ፦ ሲያልቅ መጠየቅ ነዋ።

ክሬሸር፦ ጠይቀን «የባለፈውን መልሱ» ተባልን።

ጋሽ ዴሲቤል፦ ተዉ እስቲ። ፎርማን፣ ሂሳቡን ልስራልህ። 30 ዴሲቤል የሚቀንስ የጆሮ ማፈኛ ከ8 ሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ብቻ ቢወልቅ፣ የቀኑ ጥቅሙ ከ12 ዴሲቤል አይበልጥም። ስለዚህ «ሰጥቻለሁ፣ ፈርሟል» ብቻውን አያድንህም። ማሽኑን ዝም ማሰኘት ወይም መከለል ይቀድማል፤ ከዚያ ማሠልጠን፣ መቆጣጠር። የማያደርግ ሠራተኛም ካሳው ሊቀነስበት ይችላል፣ አልክድም። ክሬሸር፣ ያቺን ጠጠር እንዳትጥላት። ፎቶ አንስተህ ቀኑን ጻፍባት።

ጡረተኛው፦ ከለቀቅሁ 7 ዓመት ሆነኝ። ጊዜው አለፈብኝ?

ጋሽ ዴሲቤል፦ በብዙ አገር ቆጠራው የሚጀምረው ጉዳቱ ከሥራው መምጣቱን ካወቁበት ቀን ነው። ለማንኛውም ነገ ዛሬ ሳይሉ ጠበቃ ያማክሩ።

ሌላ ሰው፦ ጆሮዬ ሌሊቱን ጭው ሲል ያድራል። እሱስ ይካሳል?

ጋሽ ዴሲቤል፦ እንደየአገሩ ነው። ሐኪሙ ካርድህ ላይ እንዲጽፈው አድርግ። ያልተጻፈ ነገር የለም።

ብየዳ ቤት፦ በግምት እንኳ ስንት ይሆናል?

ጋሽ ዴሲቤል፦ ብየዳ ቤት! መልሼልሃለሁ።

ግራይንደር፦ ጋሼ፣ ድርጅቱ ትንሽ ገንዘብ ሊሰጠኝ ነው። «ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት አለው። ነገ ጠዋት ነው የምፈርመው።

ጋሽ ዴሲቤል፦ ጠበቃ ሳያየው አትፈርም! ኦዲዮግራሙ የት ነው?

ግራይንደር፦ እነሱ ጋ። ኮፒ እናድርገው ብለው ወሰዱት።

ጋሽ ዴሲቤል፦ ኦሪጅናሉን?

ግራይንደር፦ አዎ።

ጋሽ ዴሲቤል፦ እሺ። ነገ ጠዋት መጀመሪያ የምትሄደው የተመረመርክበት ሐኪም ቤት ነው። የካርድ ቁጥርህን ይዘህ ሂድ፣ ሌላ አስወጣና ማህተም አስመታበት።